በሬዲዮ የተደመሰሰው ቀብር

መምህራችን «አንድ መንግሥት የእርስ በርስ ጦርነት የሚሸነፍባቸው ወታደራዊ ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እጄ እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምቀመጠው ፊት ወንበር ላይ ነው። መምህር ጠይቆ ክፍሉ ዝም ሲል ጥፋቱ የእኔ ይመስለኛል። ሌሎቹ ልጆች የስንቅ እጥረት፣ የሞራል መውደቅ፣ የመሬት አቀማመጥ እያሉ ያማረ መልስ ሰጡ። ተራው ሲደርሰኝ፣

«በእኛ አገር በኩል የተሸነፈው ሼህ ጦሃ በሞቱ ሰሞን ነው» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ግን አልሳቀም። «ሼህ ጦሃ የየትኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ነበሩ?» አለኝ በትሕትና።

«የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ።»

ሳቁ ባሰ። «እንግዲያው ጽፈሽ አምጪ» አለኝ። ለእሱ የጻፍኩትን ነው አሁን ለእናንተም የማቀርበው። ምንም እንዳልጨምርበት ተጠንቅቄያለሁ። በማያስቅ ቦታ ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኛም ስቀናል።

ያኔ መካነ ሰላም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሙሄ የቅሬ ጠሪ ነው። ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ዓይነት ማኅበር ነው፤ የእኛው ግን እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይም። ሰው ሲሞት አባቴ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል። ድምፁ ሸለቆ ይሻገራል። የሰማ ሁሉ የጀመረውን ሥራ ትቶ፣ አካፋውን ወይም ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። የቅሬው ሕግ አጭር ነው፤ ሰው ያልቀበረ ቀባሪ የለውም።

ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ፈርሶ ነበር። በድርቁ ጊዜ ጠሪውም ተጠሪውም አቅም አጣ። ያን ጊዜ ሼህ ጦሃ ቁርኣን የሚያስቀሯቸውን ልጆች አስከትለው፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ፣ ማተብ ያሰረውንም ያላሰረውንም፣ ሲቀብሩ ከረሙ። ዶማቸው ተሰብሮ ከየቤቱ እየለመኑ ይቆፍሩ ነበር። ክፉው ዘመን ካለፈ በኋላ የተረፈው ሰው «እሳቸው የሞቱ ዕለት ዶማ አይለመንም» ብሎ ቃል ተገባባ። ሁሉም የየራሱን መቆፈሪያ ይዞ ሊወጣ ማለት ነው። ይህን ቃል ከከላላ እስከ ወግዲ የማያውቅ አልነበረም። የማያውቁት ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ የሰፈሩት የመንግሥት ወታደሮች ናቸው፤ እነሱም ከአንዱ በቀር።

እኔ ወደዚያ ኮረብታ የወጣሁት በእጅ ጽሕፈቴ ምክንያት ነው። ከጦሩ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ሸሚዙ የማይጨማደድ ካድሬ ነበር። በኮረብታው ገጽ ላይ በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች «ይህ ኮረብታ አይደፈርም» የሚል መፈክር እንዲጻፍ አዘዘ። ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቷ የሚያምር ተማሪ አምጣ ሲባል እኔን ሰጠ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ፊደሎቹ እኩል እንዲሆኑ በገመድ እየለካሁ መደርደር ያዝኩ። ሼህ ጦሃ በሞቱበት ዕለት ማለዳ «ይህ ኮረብታ» የሚለውን ጨርሼ ነበር።

ድንጋይ የሚያቀብለኝ ደምለው የሚባል የወግዲ ልጅ ነው። ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ ታፍሶ፣ በጉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ ወደ ጦር ማሠልጠኛ የተጫነ ወታደር ነበር።

«ስሚ ዘሀራ» አለኝ ቀና ብሎ፤ «ይሄ ጽሑፍ ከየት ድረስ ይታያል?»

«ከከላላ መንገድ ጥርት ብሎ ይታያል» አልኩት በኩራት።

«እና የት እንዳለን ለማያውቅ ሰው፣ ‹ይህ ኮረብታ› ብለን ነገርነው ማለት ነው?»

«‹አይደፈርም› የሚለው ይቀራል እኮ!»

«እሱ እስኪያልቅ እግዜር ይጠብቀን» አለና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

በዚህ መካከል የአባቴ ድምፅ ከሸለቆው ማዶ መጣ። ደምለው የያዘውን ድንጋይ ለቀቀው። «ሼህ ጦሃ!» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ታናሽ እኅቱን የቀበሯት እሳቸው ነበሩ። ሁለታችንም ወደ ካድሬው ሄደን ቀብር እንውጣ ብለን ለመንነው።

«ጓዶች፣ ሙታን ይጠብቃሉ፤ መፈክር ግን አይጠብቅም» አለን።

ወደ ፊደሌ ተመለስኩ። «አ»ን ጀመርኩ።

ቀትር ሲቃረብ ዘብ የቆመው ወታደር «ጠላት! ጠላት!» እያለ ሲጮህ ቀና አልኩ። በከላላ በኩል ያለው ሸንተረር በሰው ተጥለቅልቋል። ጫፉ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል፣ ጅራቱ ገና ከሸንተረሩ ማዶ አልወጣም። ሁሉም ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ይላል።

አዛዡ ሻምበል ከምሽጉ ወጣ። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ጉንጩን በፎጣ ጠቅልሎታል። ጥርሱን ሊያስነቅል ደሴ ለመሄድ ፈቃድ ጠይቆ፣ ፈቃዱ ከላይ እስኪመጣ ጉንጩ እንደ ዳቦ ነፍቶ ነበር። አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ብዙ አየና፣ «ምን እንደያዙ አይለይም» አለ።

«ጌታዬ» አልኩ ኖራ የነካ እጄን አንሥቼ፤ ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ «አካፋና ዶማ ነው። ቅሬ ናቸው። ሼህ ጦሃ ሞተው ሊቀብሩ ነው። ከፊት ያለው አባቴ ነው።»

ካድሬው ሳቀ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ? ለአንድ ሽማግሌ? ባለፈው ስብሰባ ስንጠራ በየቤቱ እየዞርን፣ ጥሩንባ እያስነፋን፣ የመጣው የቀበሌው ሊቀ መንበርና ዘመዶቹ ናቸው! አብዮቱ ጠርቶት ያልወጣ ሕዝብ ለሬሳ ይወጣል?»

«ይወጣል ጓድ» አለ ደምለው።

«አንተን የጠየቀህ የለም!»

ካድሬው ውሸታም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰልፍ አንድ የሃይማኖት አስተማሪ ስለሞተ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ እሱ እዚያ አገር የከረመው በከንቱ ነው። ጠላት ቢሆኑ ይሻለው ነበር።

የሬዲዮ ሠራተኛው መሣሪያውን ከፈተ። ሻምበሉ «ብዛት ያለው ሰው ታይቷል፤ ማንነቱ አልተጣራም በል» አለው። ካድሬው መነጋገሪያውን ነጠቀና «በግምት አንድ ሻለቃ የሚሆን የጠላት ኃይል እየቀረበ ነው» አለ። ከወዲያ «ድገም፣ ከባድ መሣሪያ አለው ወይ?» የሚል ድምፅ መጣ። ካድሬው ወደ ሸንተረሩ ተመለከተ። በሰልፉ መካከል ሰዎች አንድ ረጅም ነገር ተሸክመዋል። «በሰው ሸክም የሚጓዝ ከባድ መሣሪያ አለው» አለ።

«ጓድ፣ እሱ ቃሬዛው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሬዲዮው ግን «ፈቃድ ከበላይ እስክንጠይቅ ጠብቁ» ብሎ ተዘጋ።

ሰልፉም ፈቃድ ሳይጠብቅ መጣ። ከኮረብታው ግርጌ ትንሽ ወንዝ አለ፤ የሼህ ጦሃ መቀበሪያ ከወንዙ ወዲህ ነው። የአባቴን ነጭ ጥምጥም በዓይኔ መለየት ስችል ሬዲዮው ጮኸ። «ወንዙን ሲሻገሩ ይመቱ።»

ሞርታሩ ዙሪያ ያሉት ወታደሮች ወደ ሻምበሉ ተመለከቱ። ሻምበሉ ጉንጩን ያዘ።

«አንድ ሰው ልኬ ላጣራ።»

«ማጣራት ለጠላት ጊዜ መስጠት ነው» አለ ካድሬው። «ትእዛዙ ግልጽ ነው።»

«ትእዛዙ ጠላት ይመታ የሚል ነው። ጠላት መሆኑን የሚወስን አዛዡ ነው።»

«በጋራ ነው የምንወስነው ጓድ ሻምበል!»

«እንግዲያው እኔ ገና አልወሰንኩም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ መሮጥ ትችያለሽ?»

«አዎ ጌታዬ!» አልኩ። መሮጥ እንደማልችል ያስታወስኩት ቁልቁለቱ መካከል ስደርስ ነው። ደምለው ጠመንጃውን «ታ» ላይ አስደግፎ ተከተለኝ። «ለቅሬ በጠመንጃ አይኬድም» አለ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ሁለቱንም ጊዜ በክንዴ አንጠልጥሎ አነሣኝ።

አባቴ እግሩን ወንዙ ውስጥ ሊያስገባ ሲል ደረስኩ።

«አባ! ቁም! አትሻገሩ! ሊተኩሱባችሁ ነው!»

«ማን?»

«ወታደሮቹ! ጦር መስላችኋቸው!»

አባቴ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው አየው። ባለ ከዘራው፣ ባለ ጥምጥሙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አካፋ ይዘው፣ አንዲት ባልቴት መጫሪያ ይዘው። «ወላሂ ይሄን የሚያህል ጦር ያለው ሰው ቀብር ምን ያወጣዋል? አዲስ አበባን ይዞ አይተኛም ነበር?» አለ።

ከኋላ ያሉት ሲሰሙ ግን ሳቅ አልመጣላቸውም። «እንመለስ!» ያለ አለ። «ቃሬዛ እንዴት ወደ ኋላ ይመለሳል?» ያለም አለ። ባልቴቲቱ «ልጄ ሙሄ፣ እዚህ ቆመን የምናልቅ ከሆነ ተሻግረን እንለቅ፤ መቆፈሪያው በእጃችን ነው» አሉት። አባቴ «አብሽሩ እማ» አላቸውና አካፋውን ለእኔ አስይዞ ወንዙ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ወጣ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ አገሬውን በጠራበት ድምፅ፣ ወደ ኮረብታው ተጣራ።

«እናንተ የኮረብታው ሰዎች ሆይ! ስሙ! ሼህ ጦሃ ሞተዋል! ያገሬውን ውሃ የጠጣ፣ ባገሬው አፈር ላይ የተኛ ሁሉ ቅሬ አለበት! ነገ አንዳችሁ ብትወድቁ፣ እናታችሁ ሩቅ ናት፤ የሚቀብራችሁ እኛው ነን! ሰው ያልቀበረ ቀባሪ የለውም! ተነሡ! መቆፈሪያ ይዛችሁ ውረዱ!»

ወደ ኮረብታው አንጋጠጥኩ። ሞርታሩ ባለበት በኩል አንድ ሰው ቆመ። ቀጥሎ ሌላ ቆመ። ከዚያ ጉንጩ በፎጣ የታሰረው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ፣ የምሽግ መቆፈሪያ አካፋ ትከሻው ላይ አድርጎ በእርጋታ መውረድ ጀመረ። ወታደሮቹ ከየጉድጓዳቸው እየወጡ ተከተሉት። አብዛኞቹ አማርኛ በቅጡ የማይሰሙ የሩቅ አገር ልጆች ነበሩ፤ ግን «እናታችሁ ሩቅ ናት» የሚለው የገባቸው ይመስለኛል።

አባቴ ከድንጋዩ ወረደ። «ጦር ማለት ይኸውልሽ» አለኝ፤ «ሲጠሩት የሚመጣ ነው።»

የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ምሽግ ሲቆፍሩ የከረሙ ልጆች ስለሆኑ እንዲህ ያማረ መቃብር አገሩ አይቶ አያውቅም። ቄሱ ሳይቀሩ «አይ ሙያ!» አሉ። ሁሉም በየአካፋው አንዳንድ አፈር ጣለ። ደምለው የተዋሰው አካፋ ላይ ተደግፎ ብዙ አለቀሰ። ቀብሩ አልቆ ንፍሮ ሲታደል፣ ደረቅ ኮቾሮ ሲቆረጥሙ የከረሙት ወታደሮች እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘረጉ። የሻምበሉን ጉንጭ ያየ አንድ የከላላ ሽማግሌ ደግሞ ከኪሱ ጉጠት አውጥቶ «አፍህን ክፈት ልጄ» አለው። ሻምበሉ ወደ ኮረብታው ሬዲዮ አንድ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ያለ ማንም ፈቃድ አፉን ከፈተ።

ኮረብታው ላይ የቀሩት ካድሬውና የሬዲዮ ሠራተኛው ብቻ ነበሩ። የሆነውን በኋላ የነገረን ሠራተኛው ነው። ሬዲዮው «ሁኔታውን አስረዳ» ይላል። ካድሬው ቁልቁል ያያል፤ ጦሩ ከጠላት ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል። ይህን እንዴት አድርጎ ይናገር? «ጦራችን ከምሽጉ ወጥቶ በመልሶ ማጥቃት ወደ ወንዙ ወርዷል» አለ። «ውጤቱስ?» ሲባል ላብ አጠመቀው። «የጠላት ግስጋሴ ተገትቷል።» «ተገትቷል ነው ወይስ ተደምስሷል?» አለ ሬዲዮው። የተፈለገው መልስ ገባው። «ተደምስሷል» አለ።

አመሻሹ ላይ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን፣ አንድ ነጋዴ የዜና ሰዓት ደረሰ ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ። ዜና አንባቢው በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ወንዝ ለመሻገር የሞከረ የጠላት ኃይል ሙሉ በሙሉ መደምሰሱን አበሠረ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«የቱ ወንዝ ነው?» አሉ ባልቴቲቱ።

«የኛው ይመስለኛል እማ» አለ አባቴ።

«እና የተደመሰስነው እኛ ነን?»

«ሙሉ በሙሉ» አሉ ቄሱ።

ባልቴቲቱ ነጠላቸውን አደገደጉ። «እንግዲያው ለቅሶ ላይ ነን፤ ለራሳችንም አንዴ እናልቅስ!» ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ሼህ ጦሃ በሕይወት ቢኖሩ ከሁላችን በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ጣጣው በኋላ መጣ፤ ደሴና አጅባር ያሉ ዘመዶቻችን ዜናውን ሰምተው በአውቶቡስም በእግርም ሊያለቅሱልን መጡ። ሟቾቹ ራሳችን እንግዳ ተቀበልን።

ከዚህ ወዲያ ያለው ነው የመምህሬን ጥያቄ የሚመልሰው። የበላይ አካል «ጠላት ከተደመሰሰ በዚያ በኩል ይህን ያህል ጦር ምን ይሠራል?» አለና ሞርታሩንና አብዛኛውን ወታደር ጭኖ ወደ ሌላ ግንባር ወሰደ። ካድሬው ለጥሩ ሥራው እድገት አግኝቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። ኮረብታው ላይ ሻምበሉ፣ ደምለው፣ ጥቂት ወታደሮች፣ የእኔ ነጫጭ ድንጋዮችም ቀሩ። «አ»ም እንዳልተጨረሰ ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያው በከላላ ሸንተረር ረጅም ሰልፍ ታየ። ሁሉም ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል። ደምለው ዘብ ነበር። የተባባሉትን ሲነግረን እስከ ዛሬ ይስቃል።

«ምንድን ናቸው?» አለው ሻምበሉ ከምሽጉ ውስጥ።

«ቅሬ ይመስላሉ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ወጥቶ መነጽሩን አነሣ። ብዙ አየ። መነጽሩንም አወረደ። «ማን ሞተ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም ጌታዬ። መንግሥት ሳይሆን አይቀርም።»

«አስከሬኑን በክብር እንቀበል» አለ ሻምበሉ፤ መትረየሱንም በሸራ አስሸፈነው።

አሁን የመጡት መንግሥትን የሚወጉት ታጋዮች ነበሩ፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። የታጋዮቹ መሪ ኮረብታውን ከሩቅ ያገኘው በጽሑፉ እንደሆነ ነግሮናል፤ «መንገድ ከመጠየቅ ተገላገልን» ብሎ አመሰገነኝ። የተያዙትን ወታደሮች አሰልፎ ሲጠይቅ አባቴ መካከል ገባ። «እነዚህ የቅሬያችን አባላት ናቸው፤ ሰው ቀብረዋል» አለ። ባልቴቲቱና ቄሱም ከኋላው ቆሙ። መሪው የቅሬን ነገር የሚያውቅ ያገር ሰው ኖሮ ስንቅ አስይዞ ወደየቤታቸው ሰደዳቸው። ደምለው ወግዲ ገብቶ በግ ያረባል።

እናንተ የምታነቡት ሆይ፣ እኔ የጦር ሊቅ አይደለሁም። ስንቅም ሞራልም የመሬት አቀማመጥም እውነት ነው። ግን ያን ጦር ከቅርብ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እንደ እኔ ባሉ ሰዎች የተሞላ ነበር። የበላይ ምን ቢባል ደስ እንደሚለው ቀድሞ የሚገባቸው፣ እጃቸው ከእነሱ ቀድሞ የሚነሣ ሰዎች። ታች ያለው ለመሃሉ፣ መሃሉ ለላዩ የሚጣፍጠውን ብቻ ሲያቀብል፣ ላይ የተቀመጠው ሰው የገዛ አገሩን ቀብር ደምስሶ በድል ይተኛል። ከዚያ ዕለት ወዲህ እጄ ሲነሣ አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይህን አይቼዋለሁ፣ ወይስ መምህሩ ደስ ይለዋል ብዬ ነው? አሁንም ፊት ወንበር ላይ ነኝ፤ ጠባይ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

መምህሬ ጽሑፌን አንብቦ መለሰልኝ። በቀይ ቀለም ከግርጌው «ጥሩ ነው፤ ግን ምንጭሽን ጥቀሺ» ብሎበታል። ይህን ትእዛዝ እንኳ ሳልፈጽም አላልፍም። ምንጬ በሬዲዮ የተደመሰሱት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው፤ በገበያ ቀን መካነ ሰላም የመጣ ሰው ያገኛቸዋል።